በካሜራው ፊት የሚያልፈው ሰው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለጉንዳኔ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ላይ ጎብጠሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፣ ተመስገን ነው። እማዬም ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ምላሷ እንደሆነ መቼም ታሞ አያውቅም።

ጉንዳኔ ብዬ ስጽፍ የድሮው ሁሉ መጣብኝ። ውሃ ቅጂ ተብለሽ ተልከሽ፣ ባዶ ጀሪካን ታቅፈሽ ተመልሰሽ፣ እማዬ ምን ሆነሽ ነው ብትልሽ «ጉንዳኖቹ ቤት እየቀየሩ ነበር፤ እንዴት ትቻቸው ልሂድ?» ያልሻት ትዝ ይልሻል? እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ! በክብሪት ቀፎ የምትደብቂያቸው ጢንዚዛዎች ትራሴ ሥር ሲንኮሻኮሹ ስረግምሽ እንዳልኖርኩ፣ ዛሬ ያ ድምፅ ናፈቀኝ። ይኸው ያ ፍጥረት መከታተልሽ ዛሬ የዱር አራዊት ጥናት ሆኖ መተዳደሪያ ሆነሽ፤ ማን ያውቅ ነበር?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ስትደውዪ፣ ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ዛፍ ላይ ያሰርሽው ካሜራ ሰው በሰው ሆኗል፣ ሲመሽ ይወጡ የነበሩት ሚዳቋና ጥርኝ ጠፍተዋል፣ በዚህ ከቀጠለ መንገዱ ከጥናቱ ይወጣብኛል፣ የዓመታት ልፋቴም ገደል ገባ ብለሽኝ ነበር። ሰው ያለበትን ፎቶ ኮምፒውተሩ ራሱ ለይቶ ስለሚጥለው ማን እንደሆነ አላየሁም፣ እባክሽ ያን ሰው ፈልገሽ አስቁሚልኝ አልሽ። እኔም ባትሪ ከመቀየርና ሚሞሪውን አውጥቼ ከመላክ በቀር ውስጡን አይቼ ስለማላውቅ፣ እንጨት ለቃሚ ይሆናል ብዬ ነበር።

ለካስ ነገሩ ከገዛ ጓዳችን ነው! ምስጢሩን ያወጣው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው። እማዬ አመሻሽ ላይ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ታች ስትወርድ አይቷት «እማማ፣ ለቀበሮ ነው እንዴ እንዲህ የሚሽቀረቀሩት?» ቢላት፣ «ቀበሮ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ የሰፋህልኝ እጅጌ ጠማማ መሆኑን ከሩቅ ያያል» ብላው አለፈች። እየሳቀ መጥቶ ነገረኝ። በማግስቱ ኮቴዬን አጥፍቼ ተከተልኳት።

ምነው ባየሻት ሆዴ! ካሜራው ፊት ቆመች። ሻሿን አስተካከለች። ጉልበቷን አጥፋ ዘረጋች፤ አዲስ ያስተከለቻቸውን ጥርሶች ገልጣ አሳየች። ከጓሮ የቆረጠችውን ዱባ እንደ ሕፃን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጣራው ታወራለች፤ እኔንም ሳይቀር ታማኛለች። ጠጋ ስል «ወዲያ በይ፣ እየጋረድሽኝ ነው፤ እህትሽ እያየችኝ ነው» አለችኝ።

ጥፋቱ ያንቺ ነው እንግዲህ። ካሜራውን ስታስሪ ምንድን ነው ብትልሽ፣ «እማዬ፣ በዚህ ፊት ያለፈውን ሁሉ እዚያ ሆኜ አየዋለሁ» ብለሻት ሄድሽ። እሷም ቃልሽን ይዛ ቀረች።

ይሄ ድምፅ አይወስድም፣ ፎቶሽንም ኮምፒውተሩ እየጣለው ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አንጀቴ እንቢ አለ። ሲመሽ ፊትሽ ይጨልማል፣ በቀትር ይሻላል ብቻ አልኳት። እሺ ብላ ሰዓቷን ቀይራለች። አውሬዎችሽ ምሽታቸውን መልሰው ያገኙ እንደሆነ አንቺ ታዪዋለሽ። የለም፣ ጠረኗም ቢሆን ያሸሻቸዋል የምትዪ ከሆነ ግን መጥተሽ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ አልችልም።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። ኮምፒውተሩ ሰው ብሎ የጣለውን ሁሉ ፈልገሽ አውጪና አንድ በአንድ እዪው። ከዚያ ደውለሽ ስለ ጥርሷ አንሺላት፣ ዱባውም እንዴት ነበር ያማረው በያት። እንዲሁ አየሁሽ ብትያት አታምንሽም፤ እናትሽን ታውቂያታለሽ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትልቋን ልጅሽንና ያን ቀልቃላ ትንሹን በሁለት ጉንጫቸው ሳሚልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ እጅ ነስተዋል፤ ልብስ ሰፊውም ሰላም በይልኝ ብሏል። የእማዬንም ልጻፍ ብዬ ብጠይቃት «እኔ ዛሬ በቀትር ራሴ ነግሬያታለሁ፤ አንቺ አትድገሚው» ብላኛለች።

ታላቅ እህትሽ
ከእማዬ ቤት፣ ጥቅምት 14 ቀን