የጋለው ገመድ ለእትዬ ኡምኩልሱም ስለላከው መልእክት

ለተከበሩ የመብራታችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ከነባለቤትዎ፣ ከነልጆችዎ፣ ግቢዎ ውስጥ ሳይታክት ከሚያጓራው ጄኔሬተርዎ ጭምር እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለነው ደንበኞችዎ ከመብራት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይህችን ደብዳቤ በመጽሔት ላይ ማውጣቴ ድፍረት አይሁንብኝ፤ በርዎ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ እስከ አፉ ሞልቶ አዲስ ወረቀት አልቀበል ብሎኝ ነው።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ምርቃቱ አመሰግናለሁ። በገበያው ዳር የቆመው የብረት ሳጥን፣ ወፍራሞቹ ገመዶች ተገናኝተው ለየሰፈሩ መብራት የሚያከፋፍሉበት ማለቴ ነው፣ የሙቀት መለኪያ የተገጠመለት ዕለት ለእኛም ቆብና ካናቴራ ደርሶናል። ያን ቀን እንደተብራራልን፣ የገመዱ መጋጠሚያ ብሎኑ ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ሰፈሩ ይጨልማል። እናም በየመጋጠሚያው ላይ የታሰረችው አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ያለ ምንም ሽቦ ሙቀቱን እየለካች፣ ገና መጋል ሲጀምር ለባለሙያው ስልክ የጽሑፍ መልእክት ትልካለች፤ ባለሙያውም መጥቶ ብሎኑን ያጠብቃል። እርስዎ «ከእንግዲህ ገመዱ ራሱ ይናገራል» ሲሉ ከልባችን አጨብጭበናል። ገመዱ በበኩሉ ቃሉን ጠብቋል።

2ኛ. መልእክቱ እንዲደርሰው የተመዘገበው የባለሙያው የሱፍያን ስልክ ነበር። ሱፍያን ደግሞ ደመወዙን አገላብጦ ቢያየው አልጥም አለውና እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። ጽሕፈት ቤትዎ ደማቅ ሽኝት አድርጎለታል፤ ፎቶውን አይቻለሁ፣ እርስዎ መሐል ላይ ነዎት። ቁጥሩን የሚቀይር ሰው ግን ከፎቶው ውስጥም ከውጭም አልተገኘም። ሲቆይ የማይሠራበት ቁጥር ለሌላ ይሸጣልና፣ ያው ቁጥር ዞሮ ዞሮ እትዬ ኡምኩልሱም እጅ ገባ።

3ኛ. እትዬ ኡምኩልሱምን ክቡርነትዎ አያውቋቸው ይሆናል፤ በገበያ የሚሸጡትን በርበሬ ግን ቤትዎ ሳይቀምሰው አልቀረም። ቁጥሩን የገዙት ልጃቸው አሚራ ወደ ጅዳ ስትሄድ የምትደውልበት እንዲሆን ነው። አሚራም ስትደውል ከርማ፣ ከረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፋ። መቼም ከባሕር ማዶ ብር ሲላክ ለባንክ የሚነገረው የምስጢር ቁጥር በስልክ መልእክት እንደሚመጣ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እናቲቱ በጭንቅ ላይ ሳሉ ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ፤ የፈረንጅ ፊደልና ረጅም ቁጥር። «አሚራ ናት» ብለው ተሳፍረው መካነ ሰላም ሄዱ።

የባንኳ ልጅ ሐረግ ደጋግማ ሞክራ «እማማ፣ ቁጥሩ እንቢ ብሏል፤ ምናልባት ስትጽፈው ተሳስታ ይሆናል» አለቻቸው። ደግ ልጅ ናት፤ ባትላቸው ይሻል ነበር። «ይሆናል፣ ድሮም ስትቸኩል ቁጥር ትዘላለች» ብለው ተመለሱ። ሌላ መልእክት መጣ፣ ሌላም፤ እሳቸውም በመጣ ቁጥር ይሳፈራሉ። እየሰነበተ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስቴ ይገባ ጀመር። «የሻለም፣ ወላሂ ልጄ ጨንቋታል፤ ሳትታክት እየሞከረች ነው» ብለው ለጎረቤታቸው የነገሩትን የሻለም ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም መቼም ያውቁኛል፣ ለአገሩ ሁሉ አዳረስኩት። መስጊድ ዱዓ ተደረገላት፤ እኛም ለማርያም ተሳልን። ለካስ ያ ሁሉ ዱዓና ስለት ለገመድዎ ኖሯል።

4ኛ. ሳጥኑ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጨሰና ነደደ። ሰው አለመጎዳቱን እንኳ አልሐምዱሊላህ ብለናል። ሊጠግን የተላከው አስናቀው «መልእክት ሳይልክ እንዴት ይነድዳል?» ብሎ የተመዘገበውን ቁጥር ከጽሕፈት ቤትዎ ተቀበለና እዚያው ቆሞ ደወለ። ጥሪው ከከበበው ሕዝብ መሐል ተሰማ። እትዬ ኡምኩልሱም ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙና «አሚራዬ፣ አለሁ፣ አለሁ እናቴ፣ ተናገሪ» አሉ።

አስናቀው ዞሮ አያቸው። ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ «እናቴ፣ እኔ ነኝ፤ የመብራቱ» አለ። ነገሩን እዚያው ቆሞ አስረዳቸው። እሳቸውም እስኪጨርስ ጠብቀው «እንግዲያ ልጄ ምንም አልላከችም?» ብለው ጠየቁት። ለዚህ የሚሆን ሥልጠና ጽሕፈት ቤትዎ ስላልሰጠው ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን ሰበሰበ።

5ኛ. ስለ ፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ገመዱ በጊዜያዊነት ተቀጥሎ አንድ ምሽት እየበራ አንድ ምሽት ይጠፋል። በተካሄደው ግምገማም የችግሩ መንስኤ የደንበኞች የግንዛቤ ማነስ መሆኑ ተደርሶበታል። እትዬ ኡምኩልሱም የደረሳቸውን የመሥሪያ ቤት መልእክት ባለማሳወቃቸው እንዲመከሩ ተወስኖ ተመክረዋል። ቁጥራቸውም ከመሣሪያዋ መዝገብ ተሰርዞ በምትኩ የክቡርነትዎ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ላይ ምንም አልገባም። ከገመዱም፣ ከጅዳም። ገበያ ሲውሉ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ያስቀምጡትና ደንበኛ እስኪሰለቸው ድረስ እሱን ሲያዩ ይውላሉ።

ጄኔሬተርዎ ናፍጣ አይጣ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ስነሣ ጨለማው አሳስቶኝ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አክባሪዎ
የኔአለም ገበየሁ
ጥር 2007 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ አስናቀውን መንገድ ላይ አገኘሁት። የተቀጠለው መጋጠሚያ እንደገና መጋል ጀምሯል፤ መሣሪያዋም መልእክት እየላከች ነው አለኝ። የክቡርነትዎን ቁጥር ተቀብዬ ጠዋትም ማታም ሞከርኩት፤ ዝግ ነው ይላል። ስለሆነም መልእክቱ ወደ እትዬ ኡምኩልሱም እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። እሳቸው ስልካቸውን ዘግተው አያውቁም።