መቃኛዋን የያዘው ማን ነው?

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ
መጀመሪያ ይህ ይጻፍ፣ ኋላ እንዳልረሳው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሱ የቴሌቪዥን መቃኛን አይነካም። የኮምፒውተሩን ዋና ሥርዓት ይጠራል፤ «ክፈትልኝ» ይላል። ሥርዓቱ ከፈቀደ ይከፍትለታል፤ ካልፈቀደ ምክንያቱን በቁጥር ይነግረዋል። ለማዘዝ፣ ማለትም ጣቢያ ለመቀየር፣ የሚከፍት ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደጅ ይጠብቃል።

መቃኛዋ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ የጣቢያዎችን ሞገድ የምትቀበል ናት፤ አውራ ጣት ታክላለች። ታናሽ ወንድሜ ነው ከሬዲዮ ጥገና ሱቁ ያመጣልኝ። «ጋሼ፣ እጅህ ሥራ እንዳይፈታ» ብሎ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው፣ በኋለኛው ክፍል። ስምንት ወሩ።

ዛሬ የሞገዱን ጥንካሬ የምትለካ ትንሽ ፕሮግራም ጨረስኩ። ሰዓቷን ጠብቃ ራሷ ትሠራለች። ባለቤቴ «ደወልም ግጠምላት» አለች።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ
ሦስት ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ዛሬ ተነሳሁ። ጣቢያዎቹን ዘርዝሮ የሚያወጣ አዲስ ፕሮግራም ጀመርኩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ጥሪው ተመለሰ... ቁጥር 16። «ተይዟል» ማለት ነው። በማን? ባለቤቴ ገበያ ናት። ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ላፕቶፑ በርቶ።

ከሰዓት ሞከርኩ። ያለ ምንም ችግር ተከፈተ።

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ
አራት ሰዓት ተኩል። ተከፈተ። ወንድሜ ሱቅ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ
ተይዟል። ወንድሜ ቤት ነው።

ታኅሣሥ 14፣ አርብ
ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ ተይዟል። እሱ ቤት የሚውለው በእነዚሁ ቀኖች ነው፤ በሌሎቹ ሱቅ ይገባል። አጋጣሚ ነው? ኮምፒውተሩን ከቤቱ የኢንተርኔት መስመር ጋር ያገናኘው እሱ ነው። የይለፍ ቃሌን ያውቃል። ክፍሉ ተቀምጦ በእኔ መቃኛ ቴሌቪዥን ይመለከታል ማለት ነው? ቢጠይቀኝ እከለክለው ነበር?

ጠረጴዛዬ ላይ የቁልፍ ሰሌዳውን ዙሪያ በጠመኔ አሰመርኩ። ከተነካ ይታያል።

ታኅሣሥ 17፣ ሰኞ
መስመሩ እንዳለ ነው። መቃኛዋ ግን ተይዛለች። እንዲያውም ባሰኝ... ሳይነካ የሚገባ ሰው የበለጠ ያሰጋል።

ምሳ ላይ ነካ አደረግኩት። መቃኛዋን ትጠቀማለህ ወይ? ሳቀ። ቴሌቪዥን ማየት ካቆመ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ከዚያም፦ «እኔን ከምትጠይቅ ኮምፒውተሩን ጠይቀው። ማን እንደያዘው የሚናገር ትእዛዝ አለ፤ ልጻፍልህ?»

አልፈለግኩም። ተጠርጣሪ መርማሪውን መንገድ ሲመራ የት ታይቷል? ባለቤቴ ሳህን እያነሳች፣ ጡረታ የወጣሁት ከማስተማር እንጂ ከፈተና ጥበቃ እንዳልሆነ ተናገረች።

ታኅሣሥ 19፣ ረቡዕ
ዛሬም ተይዟል። ሠንጠረዡን ፊቱ ዘረጋሁት። የእሱን ቀኖች በቀይ ከብቤያለሁ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ወረቀቱን መለሰልኝና እንዲህ አለ፦
«ጋሼ፣ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረኸኛል። አንድ ቀን ስኮርጅ ይዘኸኝ ታውቃለህ?»
አላውቅም። ግን አልመለስኩለትም። ለምን? የይለፍ ቃሉን እንደምቀይር ብቻ ነገርኩት።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ
ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሱቁ ውስጥ፣ በዕቃው መሃል ሊያድር። የኋለኛውን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶታል፣ ልክ በጠመኔው መስመር ውስጥ። ባለቤቴ አታናግረኝም። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ።

ታኅሣሥ 21፣ አርብ
አራት ሰዓት ተኩል። የእሱ ክፍል ባዶ። የይለፍ ቃሉ አዲስ።

ቁጥር 16።

እሱ ያለውን ትእዛዝ ራሴ ፈልጌ ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር ነው። መቃኛዋን የያዘው ፕሮግራም ስሙ «ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ»።

ፕሮግራምን እንዲህ ብሎ የሚሰይም ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው፤ እኔ... ያቺ የሞገድ መለኪያዬ ናት። ኅዳር 13 ሰዓቷን ስመድብላት በድሮው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳዬ መድቤላታለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አምስት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩበት ሰዓት። እጄ ሳላስበው ጽፎታል፤ ከጉንፋኑ በኋላ ጭራሽ ከአእምሮዬ ወጥቷል። ደግሞ ለመለካት፣ ለማንበብ ብቻ መክፈት ይበቃት ነበር። ያኔ ማንንም ባልከለከለች። እኔ ግን ለማዘዝ ከፈትኩላት።

ሠንጠረዡን ልቀድደው ነበር... ተውኩት። ጀርባው ላይ ጻፍኩበት። ባለቤቴ አነበበችውና ጫማዋን አደረገች፤ ሱቅ ድረስ ይዛለት ሄደች። ግልባጩ ይኸው፦

«ወንድሜ፣ የኮረጀ የለም፤ የተሳሳተው ፈታኙ ነው። መቃኛዋን የያዝኳት እኔው ነኝ። አንተ እንዳልከው ኮምፒውተሩን ጠይቄው ነገረኝ። ለረቡዕ ጥያቄህ መልሱ፦ አንድም ቀን ይዤህ አላውቅም። ያን ዕለት ልመልስልህ ይገባ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ቁልፉ ያስቀመጥክበት ቦታ አለ፣ አልነካሁትም። ትመለሳለህ? ዛሬ ሱቁን ሳትዘጋ መልስህን ላክልኝ።»