የላክሽልኝ ሶፋ

ልጄ፣ የነካሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም «ጉልበቴን» እያለ ሸክላ የምተኩስበትን ምድጃ ያነድልኛል።

«እማዬ፣ አርጅተሻል፤ ጭቃውን ተይና እረፊ» ብለሽ የላክሽልኝ ሶፋ ደርሷል፣ ተባረኪ። እኔ ግን አልተቀመጥኩበትም። እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች አሮጊት ከሸክላ ሠርቼ አስቀመጥኩበትና ኤግዚቢሽን ወሰድኳቸው። አዘጋጁ «ሶፋው ይውጣ፣ ሰው ይስቃል» ሲለኝ «ይሳቅ!» አልኩት። ሰዉም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ከፊቷ ሳይርቅ ሲያያት ዋለ። አሁን ከሌላ ከተማ ጠርተውናል፤ እሷም፣ ሶፋውም፣ እኔም እንሄዳለን።

«እረፊ» ትይኛለሽ፤ እጄ የሚያርፈው ጭቃ ሲይዝ ነው።

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። አደራሽን፣ ሌላ ሶፋ እንዳትልኪ። እምቢ ካልሽም ላኪው፤ ቀጥሎ የምሠራው አንቺን ነው።

እናትሽ