ዝሆኗ ወዳ ነው ወይስ ፈርታ?

እህትዓለም፣ አለሽልኝ? ከዚህ ፖስት ካርድ ጀርባ የምታዪውን ባሕር ገና አልደረስኩበትም። ወሬ ሲሸተኝ እግሬ እንደማይታዘዘኝ ታውቂያለሽ፤ ችሎት ስከታተል ዋልኩ። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች አንድ ሰርከስን «ዝሆኗን በግድ ያስጨፍራታል» ብለው ከሰውታል። ዳኛዋ ዛሬ ሰርከሱ ድንኳን ድረስ መጡና «አሠልጣኙ ይውጣ፤ ማንም አይዘዛት፤ የምታደርገውን እንይ» አሉ። አሠልጣኙ ወጣ። ዝሆኗ ግራ ቀኙን ቃኘች። ከዚያ ሆዬ፣ ማንም ምንም ሳይላት አንድ እግሯን አንስታ ዞረች፤ ለባዶዎቹ ወንበሮችም እጅ ነሳች!

«አላልኩም? ወዳ ነው!» አለ የሰርከሱ ጠበቃ።

«አላልኩም? ፈርታ ነው!» አለች የከሳሾቹ ጠበቃ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ለሌላ ቀን ቀጠሮ ሰጡ። እኔ ግን ያንቺ ውሻ ትዝ አለኝ፤ እንግዳ በገባ ቁጥር «ሰላም በል!» ስትዪው እጁን የሚዘረጋው።

ካርዱ ሞላብኝ፤ ጽሑፌ እንደ ጉንዳን ቢያንስ አትቀየሚኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን እቅፍ አድርጊልኝ። ውሻሽንም ሰላም በዪልኝ። ግን እስቲ አንድ ቀን ሳታዢው ፊቱ ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እጁን ከዘረጋልሽ፣ ወዶ ይሁን ፈርቶ፣ አንቺ ንገሪኝ።