ስለ ጠየቅሽኝ ጥፍር

ለምትናፍቂኝ ለእታለም ሸሪፋ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ የሚነሳብሽ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም አለ? ሙቀቱስ፣ የሰው ቤቱስ፣ ልጆቻቸውስ እንዴት ይዘውሻል? ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅሽ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የጠየቅሁሽ በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነኝ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊብኝ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። እኔ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የደሴ ብርድ ግን አይጣል ነው። መስከረም ጠብቶም የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት ወርዶ ሰኞ ገበያን ይሸፍነዋል፣ እኔም በሁለት ሹራብ ነው ሥራ የምወርደው።

ደብዳቤሽን ያቺ ጅዳ ጎረቤትሽ የምትሠራው ዘሀራ አድርሳልኛለች። ለእረፍት ሐርቡ እናቷ ዘንድ ከርማ ልትመለስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀራት እኔን ፍለጋ ደሴ ድረስ መጣች፤ አላህ ይስጣት። ቆማ እያየችኝ አነበብሁት። በረኪናው ሁለት ጥፍርሽን አርግፎ ሌሎቹን እንዳጠቆረብሽ፣ ለአረፋ ፈቃድ አግኝተሽ ሳለ «በዚህ እጅ አገሬ አልገባም፣ እማማ ካየችው ትሞትብኛለች» እንዳልሽ፣ ተፈጥሮ የሚመስለውን አርቴፊሻል ጥፍር ከነሙጫው እንድልክልሽና አለጣጠፉን እንድጽፍልሽ፣ ካልሆነ ግን መምጣቱ ለከርሞ ይሁን እንዳልሽ። አንጀቴን በላሽው። ዘሀራን ሻይ እንኳ ሳልጋብዛት ተንሰቅስቄ አለቀስሁባት።

እውነትሽን ነው፣ እኛ አገር እጅ አይደበቅም። እዚያ ማዶ በሩቁ ሰላም ተባብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ሐርቡ ግን ከመኪና ወርደሽ ቤት እስክትደርሺ ድረስ ያገኘሽ ሁሉ እጅሽን እያገላበጠ ሳይስም አይለቅሽም። አንቺ የሱን ስትስሚ እሱ ያንቺን፣ ደግሞ እንደገና። ይህን አስበሽ መፍራትሽ ገባኝ።

ስለ ሥራዬም ጠይቀሽኛል። ፒያሳ የእስከዳር ፀጉር ቤት ነው ያለሁት። እስከዳር ባለቤቷ ናት፣ ጥሩ ሴት ናት፤ በሮመዳን እኔን አፍራ መጋረጃ ጀርባ ተደብቃ ነበር የምትበላው። ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ይዤ ነው የምውለው፤ እጃቸውን ለኔ ይሰጡኛል፣ ወሬያቸውን ግን ለስልካቸው። አንዷማ ስሜን ሳትጠይቀኝ «አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ» ስትለኝ ውላ ሄደች። ማታ ቤቴ ስገባ የማናግረው ስለሌለኝ ሬዲዮኑን «ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?» እለዋለሁ። ሳቂ፣ ምን ታደርጊዋለሽ! በሮመዳን ብቻዬን ሳፈጥር ግን፣ አልዋሽሽም፣ ሆድ ይብሰኝ ነበር። አከራዮቼ ከግድግዳው ማዶ ተሰብስበው ሲያፈጥሩ ይሰማኛል። እነሱማ ይጠሩኛል፣ እኔ ነኝ እምቢ የምለው። ለምን እምቢ እንደምል እኔንም አይገባኝ።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። የሚበዛው ሰው የሚነቃበት ረጅምና የሚያብለጨልጭ ሲመርጥ ነው። የራስሽ እንዲመስል መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጣት ልኩን መምረጥ አለብሽ፤ ከጎን ትንሽ ከተረፈ አለቀ፣ ያሳብቃል። እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈሽ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ በቀስታ ወደ ኋላ ትገፊዋለሽ። ሲደርቅ ጥፍርሽን በሞረድ ዳሰስ ታደርጊና ወዙ እንዲለቅ በአሴቶን ትጠርጊዋለሽ። ከዚያ ሙጫውን ጠብ አድርገሽ፣ አርቴፊሻሉን አጋድመሽ ቀስ እያልሽ ታስተኚዋለሽ። ባንዴ ከጫንሽው አየር ይገባበትና ነጭ ነጭ ይላል። ከያዘ በኋላ አሳጥረሽ ትቆርጪዋለሽ፣ መጋጠሚያውን እስኪጠፋ ትሞርጂዋለሽ፣ ኩቴክስ ከቀባሽም ቀለም የሌለውን አንዴ ብቻ ነው። እስከዳር «ሥራሽ ካልታየ ነው ጎበዝ የምልሽ» ትለኛለች። እኔም በዚህ ሥራ እጄ ተፈትቷል፤ ግን ቆይ፣ እስክጨርስ ስሚኝ።

ከዒድ ወዲህ ሠርጉ በዝቶ ነበርና አንዲት የኮምቦልቻ ሙሽራ ቤት ድረስ አስጠራችኝ። በልጅነቷ በር ጣቷን ቀጥቅጧት ያንዷ ጣቷ ጥፍር ከዚያ ወዲህ አልበቀለም። የባሏ ዘመዶች «ምን ነክቷት ነው?» እንዳይሉ ፈርታለች። ቁጭ ብዬ፣ ከሌሎቹ ጥፍሮቿ ጋር እያስተያየሁ፣ እንዲያ አድርጌ ሠራሁላት። የወለደቻት እናቷ እንኳ «የቱ ነው የውሸቱ?» እስክትል ድረስ! ደስ ብሎኝ፣ በሚኒባሱ ውስጥ የራሴን ጣቶች እያየሁ ደሴ ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ ደወለች። «ልጄን ጉድ አደረግሻት!» አለችኝ፣ ሰላምታም የለ። ለካ ማታውን ሴቶቹ ተሰብስበው ሙሽራዋን ሂና ሲቀቧት አምሽተዋል። ጠዋት ጨርቁ ተፈትቶ ሲታጠብ ጥፍሮቿ ሁሉ ፍም መስለው ያቺ የኔዋ ብቻ ነጭ ሆና ቁጭ! ወይኔ ፋኢዛ! ፕላስቲክ ሂና ይይዛል እንዴ? ለየዒዱ እንሶስላ እየሞቅሁ ያደግሁ የሐርቡ ልጅ፣ ሂናው መቼ እንደሚቀባ ሳልጠይቅ ጥፍር ለጥፌ ልሂድ? የሙሽራው አክስት ደግሞ «ይህቺኛዋ ጣት ሳትጠራ ቀረች እንዴ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው አሉ። ሙሽራዋ መጀመሪያ አልቅሳ፣ ኋላ ግን በአሴቶን አስለቅቃ ጣለችውና ባዶ ጣቷን ሂና ቀብተዋት በዚያው ተዳረች። ሰሞኑን ይቅርታ ልጠይቃት ስደውልላት «ባሌ ጣቴን ድሮም ያውቃት ኖሯል፣ ከማን እንደተደበቅሁ እንጃልኝ» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ወዲያው አንቺን ነው ያሰብሁት። እማማ ለአረፋ ትመጣለች ብላ ላንቺ የሚሆን ሂና ከአሁኑ ገዝታ አስቀምጣለች። «በገዛ እጄ ነው የምቀባት» ትላለች። ቁስሉንስ ተይው፣ ሙጫው በቆሰለ ጥፍር ላይ ያቃጥላል፤ ውኃም ስለማያሳልፍ ለሶላት የምትታጠቢው ውዱእ አይሆንልሽም። ይሁንና «ሂናው ቆዳዋን ያሳክካታል ብለን እንሸውዳታለን» ብዬ መላ መታሁ። እንድትመጪልኝ ካለኝ ጉጉት የተነሳ የማልዋሸው ውሸት አልነበረም። እና መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው ብዬ፣ አንቺን መስዬ፣ አሥሩንም ጣቴን ለጥፌ አርብ ዕለት ሐርቡ ወረድሁ።

እዚህ ላይ የደበቅንሽን ልንገርሽ። የእማማን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ጥላ ነው የሚታያት እንጂ ፊት አትለይም። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ስንላት «ሸሪፋ ትምጣና እሷ ትወስደኛለች» ብላ አሻፈረኝ አለች። ባንነግርሽ ይሻላል ብለን ነበር፤ አንቺም እጅሽን ስትደብቂን ጊዜ እኩል ሆንን።

ያን ዕለት ቤታችን ዱዓ ነበር። ሴቶቹ እየገቡ በየተራ እማማን እጅ ሲስሙ እኔም መሐላቸው ገብቼ፣ ቃል ሳልተነፍስ ጎንበስ አልሁ። እጄን ተቀብላ ሳመች፣ እኔም የሷን ሳምሁ። ሁለተኛ ልትስም ስትል ቆም አለች። በአውራ ጣቷ ጥፍሮቼን አንድ ባንድ ዳበሰቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ «የማን ቤት ልጅ ነሽ የኔ እናት? እጅሽ እንግዳ ሆነብኝ» አለችኝ። ወላሂ እታለም፣ «እኔ ነኝ እማማ፣ ፋኢዛ ነኝ» ያልሁበት ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ሳቀች፣ እንዳይከፋኝ ብላ «ያምራል፣ ጥሩ ሥራ ነው» አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችውም። እንደያዘችኝ «ሸሪፋን እንዲህ እንዳታደርጊብኝ። ድምጿ በስልኩ ተቀይሮብኛል፣ ፊቷን ከእንግዲህ አላየውም፣ የቀረኝ እጇ ነው» አለች። ስላንቺ እጅ ማንም አልነገራትም።

ያደርሁት እዚያው ነው፣ ከመተኛቴ በፊት ሁሉንም አውልቄ ጣልሁት። ስለዚህ ጥፍሩን አልላክሁልሽም። እስከዳር «ለእህትሽ» ብላ አንድ ፓኬት ሰጥታኝ ነበር፣ ሰኞ መለስሁላት። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ አልልክም። ይልቅ እመቤትሽን ጓንት እንድትገዛልሽ ጠይቂያት፣ ማታ ማታ ደግሞ ቫዝሊን ቀብተሽ እጅሽን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ተኚ። ጥፍርሽ ለከርሞ ይበቅል ይሆናል፤ የእማማን ዓይን ግን ከርሞ ድረስ ቆይልን ብለን የምንለምነው እንዴት ነው? ለአረፋ ነይ። በሞቴ ነይ። ማንም ምን ቢል እኔ አጠገብሽ ነኝ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያም ቆሜ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ። እማማ ስትዳብስሽ ታለቅስ ይሆናል፣ አዎ፤ ግን የማን ቤት ልጅ ነሽ አትልሽም።

እማማ ሌት ተቀን በዱዓዋ አትለይሽም፣ «በጉን ሳትመጣ አላስገዛም» በይልኝ ብላለች። ኑርሁሴን ወንድምሽ ሰላም ይልሻል፤ ኮምቦልቻ ባጃጁን ይዞ ደህና ነው፣ አሁንም ጀርባው ላይ ስምሽን ጽፎ ነው የሚዞረው። ሚስቱም ትንሿ ልጃቸውም ሰላም ይሉሻል፤ ልጅቷ ጅዳ ማለት ያንቺ ቤት ስም ይመስላታል። እስከዳርም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። ይህን ወረቀት ዘሀራ ስትሰጥሽ በኔ ቦታ ሆና እጅሽን እንድትስምልኝ አደራ ብያታለሁ። እንዳትነጥቂያት።

እህትሽ ፋኢዛ
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
መስከረም 14 ቀን 2004 ዓ.ም.