ከረጢቱ ውስጥ የገባው ቋንጣ

ሰኞ

ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አላስመለሰም። የአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሳምንት መጀመሪያ፣ የጣዕም ቀን በሰላም አለፈ።

ዓይናቸውን በሻሽ እያሰርኩ «አፍ ክፈቱ» እያልኩ አቀመስኳቸው። ስኳር፣ ጨው፣ ሎሚ፣ አብሽ። በአብሹ ሃያ አራት ፊት ተጨማደደ። ናሆም ምላሱን በሸሚዙ ጠረገ።

ከቤት ይዤ የሄድኩትን ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አስቤበት ነው። ኬጂ ሁለት ውስጥ የሚጾም ቤተሰብ ልጅ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ እንቁላል የሚያሳክከው አለ። የሀያት እናት ወይዘሮ ፈትያ ልጇን ያስመዘገበች ቀን እጄን ይዛ የነገረችኝን አልረሳሁም። «ምሳዋን ራሴ ነው የምቋጥርላት፣ ከሌላ ልጅ ምሳቃ እንዳትቀምስ፣ አደራ።» አይዞሽ አልኳት። ዛሬ በራሴ ትንሽ ኮራሁ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። ነገ መዳሰስ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ጠዋት ልጆቹ ዓይናቸው ታስሮ እጃቸውን የሚከቱበትን ከረጢት ስሞላ ጥጥ፣ የዶሮ ላባ፣ የድስት ሽቦ፣ የወንዝ ድንጋይ ነበረኝ። አንድ ደረቅና ሸካራ ነገር ጎደለኝ። ከፉሪ ወደ ሰበታ ታክሲ ለመያዝ ረፍዶብኛል። እናቴ ከላከችልኝ ቋንጣ አንዱን ዝልዝል መዝዤ ጨመርኩ። እንጨት ነው የሚመስለው። በጣዕም ቀን ቢሆን ኖሮ እጄ አይነካውም ነበር። የዛሬው ግን የሚዳሰስ እንጂ የሚበላ አይደለም ብዬ ነው።

ሀያት ተራዋ ደረሰ። ዓይኗን አሰርኩላት። እጇን ከተተች፣ አወጣች፣ «ሸካራ ነው ቲቸር» አለች። ጎበዝ አልኳት። ከኋላዬ ሁለት ልጆች በላባው ተጣሉ፣ እነሱን ለማላቀቅ ዞርኩ። ስመለስ ሀያት ታኝካለች።

አፍሽን ክፈቺ አልኳት። ባዶ ነው። ሻሹ እንደታሰረ ወደ እኔ ቀና ብላ «ይጣፍጣል» አለችኝ።

ትናንት ዓይናቸውን አስሬ አፍ ክፈቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምን ታድርግ? ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው።

ረዳቴ ጫልቱ አይታለች። ደንግጣ አጠገቤ መጣችና በጆሮዬ፣ እኛ ሰፈር እኮ ሠርግ ሲሆን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሬው ለብቻው ነው፣ የሚያርደውም የራሳቸው ሰው ነው አለችኝ። አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ሳውቅ ነው ያጠፋሁት።

ለዳይሬክተሯ ለወይዘሮ ጌጤ ነገርኳት። በሩን ዘጋች። ጫልቱ ብቻ ናት ያየችው? በቃ፣ ሆድ ይፍጀው አለች። ወላጅ ከተነሳ እኔም አላድንሽም አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፈትያ መጣች። እንደ ወትሮዋ «በላች?» አለችኝ። ምሳዋን ጨርሳለች አልኳት። እውነት ነው። ውሸትም ነው።

ረቡዕ

ሀያት ቀረች።

ዛሬ ማሽተት ነበር። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ሳሙና። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ዓይኔ ባዶ ወንበሯ ላይ ነው።

ምን ሆና ይሆን?
— ለእናቷ ነግራለች።
— አሟታል። ያ ደረቅ ነገር አንጀቷን ይዟት ይሆናል።
— ከትምህርት ቤት አስወጥተዋታል።
— አባቷና አጎቶቿ ሆነው እየመጡ ነው።

የመጨረሻውን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። አባቷ ድምፁ እንኳ የማይሰማ ሰው ነው። ፍርሃት ሰውን ክፉ ያሳስባል።

ረፋድ ላይ ናሆም ለጓደኞቹ «ሀያት ከረጢቱን በላችው» እያለ ሲያስቃቸው ሰማሁ። ሃያ ሦስት አፍ አለ ለካ። እኔ የጫልቱን አንድ አፍ ነበር የምፈራው።

ስመለስ ባለባጃጁን በነወይዘሮ ፈትያ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በኩል እንዲያልፍ ለመንኩት። ተዘግቷል። እዚህ ማስተማር ከጀመርኩ በሥራ ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሐሙስ

ዛሬም የለችም። የማየት ቀን። ቀለም አስመረጥኳቸው፣ ምን እንደመረጡ አላስታውስም። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።

ጫልቱ አዘነችልኝ። በምሳ ሰዓት ሄዳ ከሱቁ ጎን ያሉትን ሽማግሌ ባለሱቅ በኦሮምኛ አነጋግራ መጣች። የወይዘሮ ፈትያ አክስት ሞተው ቤተሰቡ ሁሉ ተፍኪ ለቅሶ ላይ ነው። ሀያትም አብራ ሄዳለች፣ ደህና ናት።

እፎይ አልኩ። ሰው ሞቶ እኔ እፎይ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አፈርኩ።

ወይዘሮ ጌጤ «አየሽ?» አለችኝ። አየሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ናሆም በሳምንቱ ይረሳዋል። ግን ሀያት ጣፍጧታል። አንድ ቀን እናቷን ያንን ደረቅ ነገር ግዢልኝ ብትላትስ? እሱም ይቅር። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «በላች?» ስባል ምን ብዬ ልመልስ ነው?

ልነግራት ነው።

አርብ

ጠዋት መጡ። ወይዘሮ ፈትያ ዓይኗ አብጧል። አላህ ይዘንላቸው አልኳት። አሚን አለች። ሐዘኗ ይውጣላት፣ ለሰኞ ላቆየው ብዬ ነበር። ደግሞ ማቆየት የለመደብኝ ነገር መሆኑ ታወቀኝ።

እዚያው በሩ ላይ ቆመን ነገርኳት። የጠዋቱን ጥድፊያ፣ ከረጢቱን፣ ሻሹን፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «መቼ?» ብቻ አለች።

ማክሰኞ አልኳት።

«ማክሰኞ በልታለች አላልሽኝም?»

ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች። ልጅ ላይ ወንጀል የለም፣ ሳታውቅ የበላችው አይቆጠርባትም። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። እኔን ያመመኝ ሦስት ቀን ሙሉ መደበቅሽ ነው። አደራ ያልኩሽ እኮ ሥጋውን ብቻ አይደለም።

ከዚያ የሀያትን እጅ ያዘች። ወደ ክፍል ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ይዛት ሄደች። ሀያት ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ወይዘሮ ጌጤ ሰኞ እንነጋገራለን አለች። የመስማት ቀን ዛሬ ነበር። ማስተማር ስላቃተኝ ሥዕል ሲቀቡ ዋሉ።

ቅዳሜ

ከረጢቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ገመዱ ላይ ሲወዛወዝ ሳየው አስጠላኝ።

እሁድ

ምንም።

ሰኞ

ታክሲ ውስጥ ሆኜ የስንብት ንግግሬን እያዘጋጀሁ ነበር። የክፍሌን በር ስከፍት ሀያት ወንበሯ ላይ ናት። እናቷ ከኋላ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣለች። «ዛሬ እኔም ልማር» አለችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወይዘሮ ጌጤ በሩ ላይ ቆማለች። ስለ ሥራዬ እስካሁን ምንም አላለችኝም።

መስማትን ጀመርኩ። ቁልፍ፣ ወረቀት መቅደድ፣ የማንኪያ ድምፅ። ዓይናቸውን እያሰርኩ በየተራ አስገመትኳቸው። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ይመስለኛል።

የሀያት ተራ ሆነ። ሻሹን ይዤ ፊቷ ቆምኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ያው ሻሽ ነው፣ ያቺው ልጅ ናት፣ እናቷ እያየችኝ ነው። ሀያት ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀኛለች።

ወይዘሮ ፈትያ ከወንበሩ ተነሳች። መጥታ ሻሹን ከእጄ ወሰደች። ይዛት ልትሄድ ነው አልኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የልጇን ዓይን ራሷ አሰረች፣ ጠበቅ አድርጋ። «ይታይሻል?» አለቻት። «አይታየኝም።» ወደ ቦታዋ ተመለሰችና «ቀጥዪ» አለችኝ።

ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ውሃ መገልበጥ ነበረብኝ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

«ውሃ ነው» አለች ሀያት። «ቲቸር ደፋችው።»