ሳይመረቅ የተከፈተው ማሽን

ደሴ፣ ህዳር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የታካሚዬን የዘሀራን እጅ ሳነሳ ሳወርድ አረፈድኩ። የተሰበረው ክንዷ ገጥሟል፣ ነርቩ ግን ገና ነው፤ መዳፏ ከአንጓው ተንጠልጥሏል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ቀጣይ ናት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተመለሰች ሌላ ሰው ይተካባታል። ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው አዲሱ ማሽን ደግሞ እዚሁ ክፍላችን ውስጥ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ ተቆልፎበታል። እንግዶች መጥተው ሪባን እስኪቆርጡ አይነካም! አንቺው ፍረጂ፣ ማስታወሻዬ። ማሽን እንደ ሙሽራ ይሸፈናል?

ቁልፉ በላይ ዘንድ ነው። የክፍላችን ኃላፊ፣ አብሮ አደጌ፣ የሰርጌ ሚዜ። ለመንኩት። ከሥራ በኋላ ሊከፍትልኝ ተስማማ። ይባረክ።

ህዳር 6፣ 11፡45

በላይ ራሱ ከፈተ፣ ራሱ ሶኬቱን ሰካ። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉትን ተለጣፊ ፓዶች ክንዷ ላይ ለጠፍኩ፣ ቀስ እያልኩ ኃይሉን ጨመርኩ። «ወላሂ፣ ጉንዳን ሄደብኝ» አለች። ከዚያ መዳፏ ቀና አለ። አለቀሰች። ማሽኑ ሲያነሳ አንቺም አብረሽ አንሺ አልኳት። ደስ ብሎኛል።

ህዳር 14

መዳፏን ያለ ማሽን ቀና አደረገችው! ትንሽ ነው፣ ግን የራሷ ነው። በላይ አቀፈኝ።

ህዳር 19፣ ምሳ ሰዓት

ምረቃው። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ለማሳያ ፓዱን አንዱ እንግዳ ክንድ ላይ ለጠፉት። አልያዘም፣ ወደቀ። ገልበጥ ሲያደርጉት የሰው ፀጉር ተጣብቆበታል፣ ሙጫው አልቋል። ምን ነክቶኝ ነው ሌላ ፓድ ያላስቀመጥኩት? እንግዶቹ ሳቁ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ፊቱ ጠቆረ፤ ማን ከፈተው አለ።

በላይን አየሁት። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔ አላውቅም። ቁልፉን ሰርቆኝ ይሆናል» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ሰርቆኝ! ማሽኑ ታሸገ። ዘሀራ ከኮምቦልቻ መጥታ በረንዳው ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ዛሬ የለም ብዬ መለስኳት።

12፡30

በላይ ቤት ድረስ መጣ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ነገ ግምገማ አለ፤ እዚያ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ ቁልፉን ሳላስፈቅድ ወሰድኩ እንድል ይፈልጋል። ካልኩ በማግስቱ ማሽኑን ያስከፍታል። ካላልኩ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ወራት ይፈጃል። ደሜ ፈላ። የሴትየዋን እጅ ይዞ ይደራደረኛል! ሚስቴ ምንም አታውቅ፣ እራት ብላ እያለች ትለምነዋለች። በላ።

ህዳር 20፣ ጠዋት

አልተኛሁም። ሁሉም ፊት እውነቱን ልናገር አልኩ፣ መልሼ ተውኩት። ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስ የዘሀራ ጡንቻ ይሟሽሻል። እላለሁ። ሰረቅኩ እላለሁ።

ሚስቴ የልጃችን ክርስትና እሁድ መሆኑን አስታወሰችኝ። በላይ የክርስትና አባቱ ነው ተብሎ ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። ሌላ ሰው እንፈልጋለን አልኳት።